ከሐሩር ደሴት ወደ በረሃማ የተራራ ከተማ ሲዛወሩ፦ ደረጃ በደረጃ የዝግጅት መመሪያ

«ምን ያህል ወፍራም ካፖርት ልግዛ?» ከሞቃታማ ደሴት ተነሥተው በደረቅ ተራራ ላይ ወደምትገኝ ትንሽ ከተማ ሊዛወሩ የተዘጋጁ ሰዎች ይህንኑ ጥያቄ ደጋግመው ስለሚያቀርቡልኝ፣ መልሱን ከነዝርዝሩ አንድ ቦታ ላይ ማስፈር የተሻለ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ካፖርት እዚያው ደርሰው በአንድ ቀን ሊገዙት የሚችሉት ነገር ነው። አዲስ ነዋሪን በመጀመሪያው ዓመት የሚያስቸግሩት የአየሩ መሳሳት፣ ድርቀቱ፣ ለውርጭ ያልተሰናዳ ቤት እና የሚፈልጉት ነገር በቅርብ አለመገኘቱ ናቸው። ስለዚህ ገንዘብዎንም ሐሳብዎንም አስቀድመው በቤቱና በጤናዎ ላይ ያውሉ፤ ልብሱ በኋላ ይደርሳል።

መመሪያው ከባህር ጠለል በላይ ከ1,800 እስከ 3,500 ሜትር ገደማ ላሉ ደረቅ የተራራ ከተሞች ይሠራል። ሁለት ከተሞችን ለአብነት እንውሰድ። በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ የምትገኘው ታኦስ 2,100 ሜትር ገደማ፣ በህንድ ላዳክ የምትገኘው ሌህ ደግሞ 3,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። የአየሩ ግፊት ከባህር ዳርቻው ጋር ሲነጻጸር በመጀመሪያዋ ከአንድ አምስተኛ በላይ፣ በሁለተኛዋ ከአንድ ሦስተኛ በላይ ያነሰ ሲሆን፣ በእያንዳንዱ እስትንፋስ የሚያገኙት ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ሙቀቱም በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ይወርዳል። በደሴት ላይ የቀኑና የሌሊቱ ሙቀት ብዙም የማይለያይ ሲሆን፣ በእነዚህ ከተሞች ግን በአንድ ቀን ውስጥ 15 ወይም 20 ዲግሪ መለያየቱ የተለመደ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ከመነሣትዎ በፊት የሚያዘጋጁት፦
- የቤተሰቡ የሕክምና ማስረጃ፣ የዓይን መነጽር ማዘዣ እና ቢያንስ ለ2 ወር የሚበቃ የዘወትር መድኃኒት
- ሲሊካ ጄል ወይም ሌላ እርጥበት መምጠጫ፣ አየር የማያስገቡ የፕላስቲክ ሣጥኖች
- የፀሐይ መከላከያ ቅባት፣ አልትራቫዮሌት ጨረርን የሚከላከል የፀሐይ መነጽር፣ የከንፈር ቅባት፣ ቫዝሊን

ለቤቱ፦
- የካርቦን ሞኖክሳይድና የጭስ ማንቂያ ደወሎች
- የእርጥበት መለኪያ (ሃይግሮሜትር) እና አየር ማርጠቢያ መሣሪያ
- የቧንቧ መጠቅለያ ስፖንጅ፣ የበርና የመስኮት ክፍተት መድፈኛ ላስቲክ
- ክዳን ያለው የብረት ባልዲ (እንጨት የሚያነዱ ከሆነ)
- የእጅ ባትሪ፣ የመጠባበቂያ ውሃ ማስቀመጫ ጀሪካኖች

ለመኪናው፦
- የበረዶ አካፋ፣ የመስታወት መፋቂያ፣ የባትሪ ማስነሻ ኬብል፣ ብርድ ልብስ፣ የጎማ ግፊት መለኪያ፣ ለብርድ የሚሆን ጎማ

1. የከተማዋን ቁጥሮች በጽሑፍ ይያዙ

ቤት መፈለግ ከመጀመርዎ በፊት የከተማዋን ትክክለኛ ከፍታ፣ በጣም በሚቀዘቅዘው ወር የሌሊቱ ሙቀት እስከ ስንት እንደሚወርድ፣ ወደ ከተማዋ የሚያስገቡት መንገዶች ስንት እንደሆኑና በረዶ ሲጥል ይዘጉ እንደሆነ፣ የድንገተኛ ሕክምና የሚሰጠው ቅርብ ሆስፒታል በመኪና ስንት ሰዓት እንደሚያስኬድ እንዲሁም ቤቶች በምን ነዳጅ እንደሚሞቁ ይጠይቁና ይጻፉ። ከዚህ በታች ያሉት ውሳኔዎች ሁሉ በእነዚህ መልሶች ላይ የተመሠረቱ ናቸው።

አማካይ ሙቀት አያሳስትዎት። ቀን 12 ዲግሪ፣ ሌሊት ከዜሮ በታች 8 ዲግሪ የሆነ ዕለት በአማካይ 2 ዲግሪ ተብሎ ይመዘገባል፤ ሲነበብ ቀለል ያለ ይመስላል፤ ቧንቧውን የሚያፈነዳው ግን የሌሊቱ ቁጥር ነው።

2. ሐኪም ያማክሩ

የልብ፣ የሳንባ ወይም የደም ሕመም ያለበት፣ ነፍሰ ጡር የሆነች፣ ወይም ማጭድ መሰል የቀይ ደም ሴል በሽታ (ሲክል ሴል) ያለበት የቤተሰብ አባል ካለ ይህን ደረጃ ከሁሉም ያስቀድሙ። የኦክስጅን ማነስ በባህር ጠለል ላይ ጸጥ ብሎ የኖረን ሕመም ሊቀሰቅስ ስለሚችል፣ ጥያቄው ቤት ከተገዛ በኋላ ሳይሆን ከመገዛቱ በፊት መነሣት አለበት። መድረሻዎ ከ2,500 ሜትር በላይ ከሆነ የከፍታ ሕመምን የሚከላከለው አሴታዞላማይድ የተባለ መድኃኒት ይስማማዎት እንደሆነም ሐኪሙን ይጠይቁ። መድኃኒቱ በሐኪም ትእዛዝ ብቻ የሚወሰድ ነው።

3. ቤቱን በብርድ ወራት ዓይን ይመርምሩ

በሞቃቱ ወራት የታየ ቤት ሁሉ ያምራል። ከተቻለ ቤቱን በብርዱ ወቅት፣ ያውም በማለዳ ይዩት፤ ካልተቻለም የሚከተሉትን ባለቤቱን በጽሑፍ ይጠይቁ።

መጀመሪያ የፀሐይ አቅጣጫውን ይመልከቱ። በሰሜናዊው ንፍቀ ክበብ መስኮቶቹ ወደ ደቡብ የዞሩ ቤት በቀዝቃዛው ወቅት ዝቅ ብላ የምትሄደውን ፀሐይ ቀኑን ሙሉ ስለሚያገኝ የነዳጅ ወጪው ይቀንሳል። መግቢያውና የመኪና መንገዱ ወደ ሰሜን ከሆኑ ግን የረገጡት በረዶ ለሳምንታት ሳይቀልጥ ሊቆይ ይችላል። ተራራ ሥር የተሠራ ቤት ደግሞ ፀሐይዋ ከተራራው ጀርባ ቀድማ ስለምትሸሸግ ከሰዓት በኋላ በጊዜ ይጨልማል፤ ዓመቱን ሙሉ ቀንና ሌሊቱ ተቀራራቢ በሆነበት ደሴት ለኖረ ሰው ይህ ቀላል ለውጥ አይደለም።

ቀጥሎ ስለ ጣሪያና ግድግዳ የሙቀት መከላከያ ሽፋን፣ ስለ ባለ ሁለት መስታወት መስኮት እና የውሃ ቧንቧው በየት በየት እንደሚያልፍ ይጠይቁ። ቧንቧ በውጭ ግድግዳ ውስጥ፣ በወለሉ ሥር ባለ ክፍት ቦታ ወይም በጋራዥ በኩል የሚያልፍ ከሆነ ለመቀዝቀዝ የተጋለጠ ነው። ያለፈውን ዓመት የማሞቂያ ወጪ በየወሩ ተለይቶ እንዲሰጥዎ መጠየቅ ደግሞ ከማንኛውም የቃል ማረጋገጫ ይበልጣል።

በመጨረሻ ውሃውን ይመርምሩ። ቤቱ የሚጠቀመው የግል ጉድጓድ ከሆነ ውሃው በላቦራቶሪ እንዲመረመር ያድርጉ፤ ምርመራው ተሕዋስያንን ብቻ ሳይሆን በደረቅ አካባቢዎች የከርሰ ምድር ውሃ ውስጥ ከድንጋዩ ሊሟሟ የሚችለውን አርሴኒክና ዩራኒየምም ይጨምር። ውሃ ጥርት ብሎ መታየቱ ስለ እነዚህ ምንም አይናገርም።

4. ዕቃዎን ይለዩ፣ ያጽዱ፣ ያድርቁ

ከደሴት የሚወጣ ዕቃ እርጥበት፣ ጨው፣ ሻጋታና ነፍሳት ይዞ ይወጣል። ልብስና ፍራሽ በደንብ ሳይደርቅ በኮንቴይነር ከታሸገ፣ በባህር ላይ በሚቆይባቸው ሳምንታት ይሻግታል። ስለዚህ ጨርቃ ጨርቁን በፀሐይ አድርቀው፣ ከእርጥበት መምጠጫ ጋር በታሸገ ሣጥን ያስገቡ። የእንጨት ዕቃ ሲያነሡ ከሥሩ እንደ ዱቄት የረገፈ ብናኝ ካገኙ እንጨቱ ተበልቷልና ይተዉት።

ተክል፣ አፈር፣ ትኩስ ፍራፍሬና ዘር በሚመለከት አስቀድመው የመነሻውንና የመድረሻውን የኳራንቲን ደንብ ይጠይቁ። ለምሳሌ ከሃዋይ ወደ ዋናው የአሜሪካ ምድር የሚሄድ መንገደኛ ሻንጣው በግብርና ተቆጣጣሪዎች የሚፈተሽ ሲሆን፣ አፈር ያለበት ተክልና አብዛኛው ትኩስ ፍራፍሬ አያልፍም። ደንቡ ቢፈቅድ እንኳ የደሴት ተክል በውርጭና በደረቅ አየር ከቤት ውጭ ስለማይተርፍ ለጎረቤት መስጠቱ ይሻላል።

የማይወስዱት ሌላ ዕቃ የአየር እርጥበት ማስወገጃውን ነው፤ በአዲሱ ቤት የሚያስፈልግዎ ተቃራኒው ነው። ብዙ የደሴት ቤቶች ያለ እርሱ የማይኖሩበት ትልቁ አየር ማቀዝቀዣም በሌሊቱ ቅዝቃዜ ምክንያት አስፈላጊነቱ ይቀንሳል።

ጊታር፣ ፒያኖ ወይም ጥሩ የእንጨት ዕቃ ካለዎት ለብቻው ያስቡለት። ለዓመታት 70 እና 80 በመቶ እርጥበት የለመደ እንጨት በድንገት 20 በመቶ ውስጥ ሲገባ ውሃውን ይለቅና ይኮማተራል። በጊታር ላይ ምልክቱ ቶሎ ይታያል፦ የብረት መለያዎቹ ጫፍ ከአንገቱ ጠርዝ ወጣ ብሎ ጣትን ይቧጭራል፤ ቀጥሎ ገጹ ወደ ውስጥ ይሰምጣል፤ ከዚያም ይሰነጠቃል። ስለዚህ ከጉዞው በፊት ክሮቹን ትንሽ ያላሉ፤ ሲደርሱም ሣጥኑን ሳይከፍቱ ለ24 ሰዓት ቤት ውስጥ ያቆዩት፤ ከዚያ በኋላ በሣጥኑ ውስጥ ማርጠቢያ አድርገው እርጥበቱን ከ45 እስከ 55 በመቶ ያቆዩለት።

የታሸጉ ጠርሙሶችንም ያስታውሱ። በባህር ጠለል ላይ የተዘጋ የሻምፑ ጠርሙስ ወይም የብስኩት ከረጢት ከፍታ ላይ ውስጡ ያለው አየር ስለሚለጠጥ ያብጣል፤ ክዳኑ የላላ ከሆነም ሻንጣው ውስጥ ይፈስሳል። ፈሳሹን ሁሉ በፕላስቲክ ጠቅልለው ያስገቡ።

5. የመድረሻዎን ጊዜና የሽቅብ ጉዞውን ያቅዱ

ለመድረስ የሚመረጠው ጊዜ ብርዱ እንደወጣ ነው። ቤቱን ለመጠገን፣ እንጨት ለማከማቸትና ሰውነትዎን ለማላመድ ሙሉ ሞቃት ወቅት ያገኛሉ፤ በብርዱ መግቢያ የሚደርስ ሰው ግን ይህን ሁሉ በጥቂት ሳምንታት ለመጨረስ ይገደዳል።

መድረሻው ከ2,500 ሜትር በላይ ከሆነ በመንገድ ላይ ከ1,500 እስከ 2,000 ሜትር ባለ ከተማ አንድ ወይም ሁለት ሌሊት ይደሩ። ከ3,000 ሜትር በላይ ደግሞ የሚያድሩበት ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ ባይጨምር ይመረጣል። ሰውነት ለኦክስጅን ማነስ የሚሰጠው ምላሽ፣ በተለይ አተነፋፈስን ማፋጠኑ፣ ቀናት ስለሚወስድበት ነው።

6. የመጀመሪያዎቹን ቀናት ለሰውነትዎ ይተዉ

የከፍታ ሕመም ብዙውን ጊዜ ከደረሱ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ በራስ ምታት፣ በማቅለሽለሽ፣ በድካምና በእንቅልፍ መረበሽ ይጀምራል፤ ተጨማሪ ከፍታ ካልወጡም በአብዛኛው ከ1 እስከ 3 ቀን ውስጥ ይተዋል። በእነዚህ ቀናት ሣጥን አይሸከሙ፤ አልኮልና የእንቅልፍ ክኒን አይውሰዱ፤ ሁለቱም በእንቅልፍ ጊዜ አተነፋፈስን ስለሚያዳክሙ ችግሩን ያባብሱታል። ዕቃ የሚያወርዱ ሠራተኞችን ከከተማዋ መቅጠር የሚያዋጣበት ምክንያትም ይኸው ነው።

ውሃ ይጠጡ፤ ነገር ግን ያለ ልክ መጠጣት የከፍታ ሕመምን አያስቀርም። የሚጠጡት ደረቁ አየር በትንፋሽና በቆዳ በኩል የሚወስድብዎትን ለመተካት ነው። ደሴት ላይ ላብዎ ቆዳዎ ላይ ሲንጠባጠብ ያዩታል፤ እዚህ ግን ገና ሳይታይ ስለሚተን ውሃ ማጣትዎን የሚነግርዎ የሽንትዎ ቀለም መጥቆር ነው።

የፀሐይ ጨረሩም ይበረታል። አልትራቫዮሌት ጨረር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ አዲስ የጣለ በረዶ ደግሞ ከሚያርፍበት ጨረር እስከ 80 በመቶ ድረስ መልሶ ያንጸባርቃል። በደሴቱ ፀሐይ ኖሬአለሁና ለምጄዋለሁ የሚል ሰው፣ አየሩ ስለቀዘቀዘ ብቻ ቆዳው ሲቃጠል አይታወቀውም።

ማስጠንቀቂያ፦ ታማሚው ግራ ከተጋባ፣ ቀጥ ብሎ መራመድ ካቃተው፣ ወይም ተቀምጦ እያለ ትንፋሽ ካጠረው እስኪነጋ አይጠብቁ። እነዚህ ውሃ በአንጎል ወይም በሳንባ መቋጠሩን የሚያሳዩ ምልክቶች ስለሆኑ ወዲያውኑ ወደ ዝቅተኛ ቦታ ይውረዱና ሕክምና ያግኙ።

7. ቤቱን ለውርጭ ያሰናዱ

ውሃ ሲረጋ (በረዶ ሲሆን) መጠኑ ይጨምራል፤ በተዘጋ ቧንቧ ውስጥም ግፊቱ ብረቱን ይሰነጥቀዋል። ጉዳቱ የሚታወቀው ግን በረዶው ቀልጦ ውሃው ሲፈስ ነው። እንደገቡ መጀመሪያ የሚፈልጉት ዋናውን የውሃ መዝጊያ ቫልቭ ይሁን፤ ያለበትን ቦታ ለቤተሰቡ ሁሉ ያሳዩ፤ በእጅ መዞሩንም ይሞክሩት፤ ለዓመታት ያልተነካ ቫልቭ ደርቆ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው።

ከመጀመሪያው ውርጭ በፊት የጓሮውን የውሃ ጎማ ከቧንቧው ይንቀሉት። ተያይዞ ከቀረ በውስጡ የታቆረው ውሃ ረግቶ ግድግዳው ውስጥ ያለውን ቧንቧ ይሰነጥቃል። የተጋለጡ ቧንቧዎችን በስፖንጅ ይጠቅልሉ። የውጩ ሙቀት ከዜሮ በታች 7 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ በውጭ ግድግዳ በኩል ያለውን ቧንቧ በቀጭኑ እንዲንጠባጠብ ያድርጉ፤ የሚንቀሳቀስ ውሃ ቶሎ አይረጋም፤ ግፊቱም መውጫ ያገኛል። የማጠቢያ ገንዳው ሥር ያለውን የቁም ሣጥን በር ከፍቶ ማደርም የክፍሉ ሙቀት ቧንቧው ጋ እንዲደርስ ያደርጋል። ቤቱን ለቀው ሲሄዱ ማሞቂያውን ፈጽመው አያጥፉ፤ ከ13 ዲግሪ በታች እንዳይወርድ ያድርጉ።

በእንጨት የሚሞቁ ከሆነ የሚገዙት እንጨት እርጥበቱ ከ20 በመቶ በታች ይሁን። ተፈልጦ ከ6 ወር እስከ አንድ ዓመት ያልደረቀ እንጨት ሙቀቱን ውሃውን ለማትነን ያባክነዋል፤ ጭሱም በጭስ ማውጫው ግድግዳ ላይ ዝፍት መሰል ጥላሸት ሆኖ ይጋገራል። ይህ ጥላሸት ራሱ ይቀጣጠላል፤ በዚህም ምክንያት ማውጫው በየዓመቱ በባለሙያ መጠረግ አለበት። አመድ ውስጥ የተዳፈነ ፍም ለቀናት ሳይጠፋ ሊቆይ ስለሚችል አመዱን ክዳን ባለው የብረት ባልዲ ከቤቱ አርቀው ያስቀምጡ፤ በፕላስቲክ ባልዲ ወይም በካርቶን በጭራሽ አያውጡት።

የጋዝ ምድጃ ወይም ማሞቂያ ከደሴቱ ይዘው ከመጡ ከመለኮስዎ በፊት ባለሙያ ለአዲሱ ከፍታ ያስተካክለው። የጋዙ መውጫ ቀዳዳ በባህር ጠለል ላይ ላለው አየር የተለካ ስለሆነ፣ በሳሳ አየር ውስጥ ጋዙ ሙሉ በሙሉ ሳይቃጠል ካርቦን ሞኖክሳይድ ያመነጫል። ቢጫና የሚንቀጠቀጥ ነበልባል አንዱ ምልክት ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። የከሰል ምድጃ ወይም ጄኔሬተር በቤት ውስጥም ሆነ በጋራዥ ውስጥ አያስነሡ። መመረዙ የሚጀምረው በራስ ምታትና በማቅለሽለሽ በመሆኑ ከከፍታ ሕመም ጋር በቀላሉ ይምታታል፤ ስለዚህ ደወሉን በየመኝታ ክፍሉ አቅራቢያ በመጀመሪያው ሌሊት ይስቀሉ። ከቤት ሲወጡ የሚሻልዎት፣ ሲመለሱ የሚያምዎት ከሆነ ጥፋቱን በከፍታው አያሳብቡ።

8. ድርቀቱን ይቆጣጠሩ

ውጭ በ0 ዲግሪ 60 በመቶ እርጥበት ያለው አየር ቤት ገብቶ ወደ 20 ዲግሪ ሲሞቅ አንጻራዊ እርጥበቱ ወደ 16 በመቶ ገደማ ይወርዳል። በሌላ አነጋገር ቤቱን ባሞቁ ቁጥር ያደርቁታል። የሚከተለውም የአፍንጫ መድማት፣ የተረከዝና የከንፈር መሰንጠቅ፣ የዓይን መቆርቆር፣ የበር እጀታ ሲነኩ በጣት ጫፍ የምትፈነጥቅ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ነው።

የእርጥበት መለኪያውን በመኝታ ክፍል ያስቀምጡና በማርጠቢያ ከ30 እስከ 40 በመቶ ለማድረስ ይሞክሩ። ከዚያ በላይ ካሳደጉት እርጥበቱ በቀዝቃዛው መስኮት ላይ ውሃ ሆኖ ይወርድና ሸሽተው የመጡትን ሻጋታ መልሰው ይጠሩታል። የማርጠቢያውን ውሃ በየቀኑ ይለውጡ፤ ካልጸዳ ተሕዋስያንን በአየር ይረጫል። ገላዎን ለብ ባለ ውሃ ታጥበው ቆዳዎ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ቅባት ይቀቡ፤ ቅባቱ የሚጠቅመው ቆዳው ላይ ያለውን ውሃ ይዞ ስለሚያስቀር ነው። ኮንታክት ሌንስ የሚያደርጉ ሰዎች መነጽርም ይኑራቸው።

9. መኪናውን ያዘጋጁ

በደሴት ላይ ራዲያተሩን በተራ ውሃ የሚሞሉ ብዙዎች ናቸው። ይህ ውሃ በመጀመሪያው ከባድ ውርጭ ረግቶ ሞተሩን ሊሰነጥቅ ስለሚችል፣ መኪናው ተራራውን ከመውጣቱ በፊት ውሃው ወጥቶ እኩል በኩል በተቀላቀለ ኩላንት (ውሃው በረዶ እንዳይሆን የሚከላከል ፈሳሽ) እና ንጹሕ ውሃ ይተካ፤ ይህ ቅልቅል ከዜሮ በታች 37 ዲግሪ ገደማ ድረስ አይረጋም። የመስታወት ማጠቢያውንም ፈሳሽ እንዲሁ ይለውጡ።

ባትሪ በብርድ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ለዓመታት በሙቀት ያረጀ ባትሪ ደግሞ በመጀመሪያው ቀዝቃዛ ማለዳ ያስቸግራል፤ አስቀድመው ያስመርምሩት። የባህር ጨው የፍሬን መስመሮችንና የመኪናውን ሆድ በልቶ እንደሆነ ያሳዩ፤ ቁልቁለት የሚበዛበት መንገድ ላይ የዛገ የፍሬን መስመር አያዋጣም። የጎማ ግፊት በየ5 እና 6 ዲግሪው ቅዝቃዜ 1 ፒኤስአይ (የጎማ ግፊት መለኪያ አሃድ) ገደማ ስለሚወርድ በየሁለት ሳምንቱ ይለኩት። ሙቀቱ ከ7 ዲግሪ በታች በሚሆንባቸው ወራት ተራ ጎማ እየደረቀ መያዣው ስለሚቀንስ የብርድ ጎማ ያስገቡ፤ አራቱንም፤ ሁለቱን ብቻ መለወጥ መኪናው በመታጠፊያ ላይ እንዲሽከረከር ያደርጋል። ነዳጅ ከግማሽ በታች አያውርዱ። ሞተሩ ቱርቦ የሌለው ከሆነ በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ገደማ ጉልበት ስለሚያጣ ዳገት ላይ ቢለግም መበላሸቱ አይደለም።

10. ወጥ ቤቱን ከከፍታው ጋር ያስማሙ

ውሃ በ2,100 ሜትር በ93 ዲግሪ፣ በ3,500 ሜትር በ88 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። እሳት ቢጨምሩ ውሃው ቶሎ ይተናል እንጂ ከዚያ በላይ አይሞቅም፤ በዚህም ምክንያት ጥራጥሬ ለመብሰል ብዙ ጊዜ ይወስዳል። መፍትሔው ፕሬዠር ኩከር ነው። ለመጠጥ የሚፈላ ውሃ ከ2,000 ሜትር በላይ ለ3 ደቂቃ መንተክተክ አለበት፤ በዝቅተኛ ቦታ 1 ደቂቃ ይበቃል። ኬክ ሲጋግሩ የቤኪንግ ፓውደሩን መጠን ይቀንሱ፤ ፈሳሽ ትንሽ ይጨምሩ፤ የምድጃውንም ሙቀት ከ8 እስከ 14 ዲግሪ ከፍ ያድርጉ፤ አለበለዚያ ሊጡ ቅርጹ ሳይጸና በፍጥነት ይነፋና መሐሉ ይሰምጣል።

11. አሁን ልብሱን ይግዙ

ከአንድ ወፍራም ካፖርት ይልቅ ደራርበው የሚለብሷቸው ሦስት ልብሶች ይሻላሉ፦ ከሥር ላብን የሚያስወጣ የሱፍ ወይም ሲንተቲክ ልብስ፣ ከመሐል ሙቀት የሚይዝ፣ ከላይ ንፋስ የማያስገባ። ምክንያቱ ማለዳ ከዜሮ በታች የነበረው አየር እኩለ ቀን ላይ ሸሚዝ የሚያስለብስ በመሆኑ ነው። ጥጥ በላብ ከራሰ ሙቀት ስለማይዝ ከሥር አይልበሱት። ጫማው ሶሉ በረዶ የሚቆነጥጥና ወፍራም ካልሲ የሚያስገባ፣ ከወትሮዎ በግማሽ ቁጥር የሰፋ ይሁን።

12. የአካባቢውን አደጋዎች ይወቁ

በሞቃቱ ወራት ከሰዓት በኋላ ነጎድጓዳማ ዝናብ በተራራው ላይ ሲዘንብ፣ እርስዎ ባሉበት ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ በደረቁ አሸዋማ ወንዝ ደራሽ ውሃ ሊወርድ ይችላል። ደረቅ መሬት ውሃውን ቶሎ ስለማይመጥ ጎርፉ በደቂቃዎች ውስጥ ይሞላል። 15 ሴንቲ ሜትር የሚፈስ ውሃ ሰው ይጥላል፤ 30 ሴንቲ ሜትር ትንሽ መኪና ያንሳፍፋል። በደረቅ ወንዝ ውስጥ መኪና አያቁሙ፤ ውሃ የሸፈነውን መንገድም አይሻገሩ።

ለሰደድ እሳት ሲባል በቤቱ ዙሪያ እስከ 1.5 ሜትር ድረስ የሚነድ ነገር ሁሉ ያስወግዱ፤ የማገዶ ክምሩንም ቢያንስ 9 ሜትር ያርቁ። ቤቶችን በብዛት የሚያቃጥለው በንፋስ ተነሥቶ በጣሪያና በግድግዳ ጥግ የሚያርፍ ፍንጣሪ ነው።

በሰሜንም ሆነ በደቡብ አሜሪካ ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ የቆየ ቤት ወይም መጋዘን ከከፈቱና የአይጥ ኩስ ካገኙ በደረቁ አይጥረጉት። ብናኙ ሐንታ በተባለ ቫይረስ የሚመጣውን የሳንባ በሽታ ሊያስተላልፍ ይችላል። በርና መስኮቱን ከፍተው ለ30 ደቂቃ ያናፍሱ፤ ጓንት አድርገው አንድ እጅ በረኪና ከዘጠኝ እጅ ውሃ ጋር በተቀላቀለበት ውሃ ያርሱት፤ ከዚያ በጨርቅ ይሰብስቡት።

መንገድ የሚዘጋበት ቦታ ከሆነ ለሁለት ሳምንት የሚበቃ ምግብና መድኃኒት እንዲሁም ለእያንዳንዱ ሰው በቀን 4 ሊትር ሒሳብ ቢያንስ ለ3 ቀን ውሃ ያስቀምጡ። በኤሌክትሪክ የሚሠራ የጉድጓድ ፓምፕ መብራት ሲጠፋ ውሃውንም ይዞ እንደሚጠፋ አይርሱ። ለመጠባበቂያ የምትገዙት ትንሽ የጋዝ ምድጃ በቡቴን ብቻ የሚሠራ አይሁን፤ ቡቴን በዜሮ ዲግሪ አካባቢ መትነን ስለሚያቆም በሚፈለግበት ሌሊት አይነድም። ፕሮፔን እስከ ከዜሮ በታች 42 ዲግሪ ድረስ ይተናል። የትኛውንም ግን ከቤት ውጭ ብቻ ያንድዱ።

ተደጋግመው የሚታዩ ስሕተቶች

- ፕሮፔን ወይም ማገዶ ሊያልቅ ሲል ማዘዝ። በረዶ ሲጥል አመላላሹ መኪና ላይደርስ ስለሚችል ታንኩ 30 በመቶ ላይ ሲደርስ ይዘዙ።
- የረጋ ቧንቧን በእሳት ማቅለጥ። ቤት ያቃጥላል። ቧንቧውን ከፍተው በፀጉር ማድረቂያ ወይም በሞቀ ፎጣ፣ ከቧንቧው አፍ ወደ ኋላ እየሄዱ ያሙቁት፤ ውሃው ሲቀልጥ መውጫ ያገኛል።
- በጋራዥ ውስጥ መኪና አስነሥቶ ማሞቅ። በሩ ክፍት ቢሆንም ጭሱ ወደ ቤት ይገባል።
- አትክልት በሞቀ ቀን መትከል። ቀኑ ቢሞቅም የሌሊቱ ውርጭ ገና አላበቃም፤ በአካባቢው የመጨረሻው ውርጭ የሚመታበትን ጊዜ ለረጅም ዓመት የኖረ ጎረቤት ይጠይቁ።
- በበረዶ ተይዞ የቆመ መኪናን ጥሎ በእግር መሄድ። ከመኪናው አይራቁ፤ የጭስ ማውጫው በበረዶ አለመደፈኑን እያረጋገጡ በየሰዓቱ ለ10 ደቂቃ ያህል ሞተሩን ያስነሡ፤ አንዱን መስኮትም በትንሹ ከፈት ያድርጉ።